ስለ ወፍ ያልሆነ አንድ ነገር

ዴልማር ለናዲን የተናገራት የመጀመሪያ ቃል ሰላምታ አልነበረም። «ዳቦ አይሰጣቸውም» ነው ያላት።

ናዲን ጎረቤቱ ወዳለው የኪራይ ቤት ከገባች ገና ሦስተኛ ቀኗ ነበር። የሽንኩርት መረብ ውስጥ የደረቀ ዳቦ ጠቅጥቃ፣ ወንበር ላይ ቆማ፣ ለወፎች ብላ ከጓሮዋ ዛፍ ላይ ልታስረው ትታገላለች። ድምፁን ሰምታ ዞር አለች። ዴልማር አንገቱ ላይ የሩቅ ማያ መነጽር አንጠልጥሎ ከአጥሩ ማዶ ቆሟል።

«ጤና ይስጥልኝ ይቀድማል» አለችው ከወንበሩ ሳትወርድ።

«ጤና ይስጥልኝ። ዳቦ ሆዳቸውን ይሞላል እንጂ ለብርድ አይሆናቸውም። የሱፍ ፍሬ ነው የሚበሉት፤ ጥቁሩን።»

«ፀጉርዎንስ ማን ነው የቆረጠልዎት? ሽኮኮ ነው?»

ዴልማር እጁን ወደ ፀጉሩ ሰደደ። በገዛ እጁ ነበር የቆረጠው።

«ፀጉር ሠሪ ነኝ» አለች። «ሳልጠየቅ መምከር እኔም እችልበታለሁ ለማለት ያህል ነው።»

በማግስቱ ዴልማር አንድ ከረጢት የሱፍ ፍሬና ከእንጨት የተሠራ የወፍ መመገቢያ በአጥሩ ላይ አቀበላት። በሳምንቱ ናዲን በረንዳዋ ላይ አስቀምጣ ፀጉሩን አስተካከለችለት። በዚያው «እርስዎ» መባባሉ ቀረ።

ዴልማር ስድሳ ዓመቱ ነው። በዚያች የኦሃዮ ከተማ ሠላሳ ዓመት ፖስታ አድሏል። ሚስቱ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ሰው ሲያናግረው ቁም ነገሩን ብቻ መልሶ ዝም ይላል። በዚያ የበረዶ ወቅት ግን ጠዋት ጠዋት ቡናውን ይዞ መስኮቱ ላይ የሚቆመው ወፍ ለማየት ብቻ አልነበረም። ናዲን መስኮቷን ከፍታ እስክትጠራው ይጠብቅ ነበር።

«ዴልማር፣ ሊፒስቲክ የተቀባችው መጣችልህ።»

«ሴቷ ካርዲናል ናት። ምንቃሯ ነው የቀላው።»

«ያ ቆብ ያጠለቀው ትንሹስ? አንዲት ፍሬ ይዞ ይሮጣል፣ እንደገና ይመጣል። ሰሃን የሌለው ነው የሚመስለው።»

«ቺካዲ ነው። ፍሬዋን ቅርንጫፍ ላይ በእግሩ ይዞ ነው የሚፈለፍላት።»

«ግራጫ ኮቱን ለብሶ መሬት ለመሬት የሚለቅመውስ?»

«ጁንኮ። ትናንትም ነግሬሻለሁ። ምን አለ ስማቸውን ብትይዢው?»

«ስማቸውንማ ይዣለሁ» ትለዋለች እየሳቀች። «አንተ ስትነግረኝ መስማት ነው የምፈልገው።»

ዴልማር ይህን ቃል ቀኑን ሙሉ ይዞት ይውላል።

የካቲት አጋማሽ ላይ ናዲን አጥሩን ተደግፋ አንድ ነገር ነገረችው። የኪራይ ውሏ ሊያበቃ ነው። አከራይዋ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ይፈልጋል። አሪዞና ያለችው እህቷ ደግሞ ክፍል አዘጋጅታ ነይ እያለቻት ነው።

«ምን ትለኛለህ?» አለችው። ዐይን ዐይኑን እያየች ነበር።

ዴልማር አትሂጂ ሊል አፉን ከፈተ።

«አሪዞና ጥሩ ወፍ አለ» አለ። «በተለይ ሃሚንግበርድ።»

ናዲን ክንዷን ከአጥሩ ላይ አነሳች። «ጥሩ» ብላ ገባች።

ከሦስት ቀን በኋላ በእጇ ምልክት ጠራችው። መመገቢያዋ ላይ ራሱና ደረቱ የቀላ ፊንች ተቀምጧል። ናዲን ቀስ ብላ ጣቷን ዘረጋችና ጀርባውን ዳበሰችው። አልበረረም።

«አየህ? ለመደኝ» አለች በሹክሹክታ። ዐይኗ እንባ አቅርሯል። «እዚህ ከተማ ከመጣሁ እንዲህ የቀረበኝ የለም...»

ዴልማር የወፉን ዐይን አየ። አብጦ ተጣብቋል። በሽታውን ያውቀዋል፤ ፊንቾች አንድ መመገቢያ ላይ ሲጋፉ ይጋባባቸዋል። ሊነግራት ይገባ ነበር። ደስታዋን ሲያይ ግን ዋጠው።

በማግስቱ ጠዋት፣ ናዲን ሥራ ስትሄድ፣ አጥሩን ተሻግሮ መመገቢያዋን አወረደ። የራሱንም አወረደ። ሁሉንም በበረኪና አጥቦ ጋራዥ ውስጥ ሰቀላቸው። ምግቡ ሲቀር ወፎቹ ይበተናሉ፤ ሲበተኑ በሽታው ይቆማል። ስትመለስ እነግራታለሁ ብሎ አሰበ። ግን ቀድማው እሷ በሩን አንኳኳች።

«መመገቢያዬን እርስዎ ነዎት ያነሱት?»

ያ «እርስዎ» ደረቱ ላይ አረፈ።

«እኔ ነኝ።»

«እንድሄድ ከፈለጉ በአፍ ይነገራል። ገና ሳልወጣ ዕቃዬን ማንሳት ምን አመጣው?»

«ወፎቹ ታመዋል» አለ ዴልማር። «ያ የዳበስሽው ዐይኑ አያይም። አንቺን ስላላየሽ ነው ያልሸሸው።»

ምን እንዳለ የገባው ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ነው። ናዲን ጣቷን አየች።

«ወዶኝ አይደለማ» አለች። መንገዱን ዞራ ወደ ቤቷ ሄደች።

ጓሮው ጭር አለ። የናዲን መስኮት አልተከፈተም። ዴልማር ጠዋት ጠዋት ቡናውን ይዞ መመገቢያዋ ተሰቅሎበት የነበረውን ባዶ ሽቦ ያያል። ወፎቹ እንደሚመለሱ ያውቃል። እሷ ግን አንዴ ከሄደች አትመለስም።

በወሩ የመጨረሻ ቀን ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ። በአጥሩ በኩል ሳይሆን በፊት ለፊቱ በር ሄዶ ደወለ። ናዲን ከፈተች። ከኋላዋ ካርቶኖች ተደርድረዋል።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነው» አለ። «ስለ ወፍ አይደለም።»

«እስቲ።»

«አሪዞና ጥሩ ወፍ አለ ብዬሽ ነበር።»

«ዴልማር...»

«እውነት ነው፤ አለ። ግን አትሂጂ።»

ናዲን በሩን እንደያዘች ቆመች። «ለምን?»

«ጠዋት የሚጠራኝ የለም።» ጉሮሮውን ጠረገ። «እወድሻለሁ። ሊፒስቲክ የተቀባችው መጣች ብለሽ የጠራሽኝ ቀን ልነግርሽ ነበር። ካርዲናል ናት አልኩሽ።»

ናዲን ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረ።

«አንተ ሰውዬ፣ አሁን ነው የሚባለው? እለቃለሁ ብዬ ትናንት ለአከራዩ ነግሬዋለሁ። ቤቱን ለሌላ ሰው ሰጥቶታል። የት ልሁንልህ፣ ዛፍ ላይ?»

ዴልማር ይህን አላሰበም ነበር። ቆሞ አሰበ።

«የኔ ቤት ወደ ጓሮ የሚያይ ሁለት መስኮት አለው» አለ።

«ይሄ ምንድን ነው? የቤት ማስታወቂያ ነው?»

«የጋብቻ ጥያቄ ነው።»

«እንግዲያው እንደ ሰው ጠይቀኝ።»

ደረጃው ላይ በረዶ አለ። ዴልማር ተንበረከከ፤ ጉልበቱ ቋ ሲል ሁለቱም ሰሙት።

«ናዲን፣ ታገቢኛለሽ?»

«ተነስ፣ ሱሪህ ረጠበ» አለች። እጁን ይዛ ስታነሳው እያለቀሰች ነበር። «አገባሃለሁ። መጀመሪያ ግን እነዚህን ካርቶኖች ተሸከም።»

በሚያዝያ በከተማው አዳራሽ ተጋቡ። የአሪዞናዋ እህት መጥታ ሙሽራውን ከእግር እስከ ራሱ አየችውና «ይኼ ሰው ያወራል?» ብላ ጠየቀች።

«ብዙ ከጠበቅሽው» አለች ናዲን።

በማግስቱ ጠዋት ባልና ሚስት ከአንዱ መስኮት ላይ ቆሙ። መመገቢያዎቹ ዳግም ተሰቅለው ወፎቹ ከተመለሱ ቆይተዋል፤ ዐይናቸውም ጥርት ያለ ነው። አንዲት ቡናማ ወፍ መጥታ መመገቢያው ላይ አረፈች።

«ሴት ፊንች ናት፤ የለመድናት» አለ ዴልማር።

«አይደለችም። ይቺ ቅንድብ አላት።»

«የኛዋ ፊንች ቅንድብ የላትም።»

«እኮ። ይቺ ነጭ ቅንድብ አላት። የስንቱን ሴት ቅንድብ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ቅንድብ ለኔ ልትነግረኝ ነው?»

ዴልማር የሩቅ ማያውን አነሳ። ብዙ አየ። ቅንድቧ ሰፊና ነጭ ነበር። በዚያ ጓሮ ስምንት ዓመት ያላያት ሐምራዊ ፊንች ናት። መነጽሩን አወረደ።

«ልክ ነሽ» አለ።

ናዲን የቡና ስኒዋን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጣ ተጠጋችው።

«እስቲ ድገመው።»

ደገመላት።