መብራት በመጣ ቁጥር

ኢየሩስ መብራት እንዲጠፋ መመኘት የጀመረችው በዚያ ክረምት ነው። ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ፎቶ ለሚያስተካክል ሰው ይህ ከእብደት ይቆጠራል፤ ግን ምን ታድርግ፣ መብራት ካልጠፋ ያቤጽ አይመጣም።

በሐይቅ ዳሯ ከተማ መሃል የምትሠራበት ፎቶ ቤት አሮጌ ሞኒተሩ ተበላሽቶበት ነበር። ባለቤቱ ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ «ያገለገለም ቢሆን ሰፊ ይሁን» ስላሏት፣ በቴሌግራም ማስታወቂያ አይታ ከአንድ ዝምተኛ ወጣት ገዛች። ያቤጽ ሞኒተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ባጃጅ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፎ ነበር ያመጣው። ጠረጴዛው ላይ ካኖረው በኋላም መሄድ አቃተው።

«አደራ፣ ደህና አድርገሽ ያዢልኝ» አላት። ዕቃ ሸጦ አደራ የሚል ሰው ኢየሩስ አጋጥሟት አያውቅም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ መልእክት ላከላት። «ምስሉ እንዴት ነው?»

ያየችውን ሁሉ ጻፈችለት። ጥቁሩ ድርግም ያለ ጥቁር ነው፤ የሰው ፊት ሕይወት አለው፤ የሐይቁ ውሃ ከነሞገዱ ይታያል፤ ከጎን ሲያዩት ብቻ ትንሽ ይገረጣል። «ብርሃኑ ግን መከራ ነው» ብላ ጨመረች። «እቀንሰዋለሁ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ተመልሶ ጣሪያ ይነካል። ተደብቆ የሚያበራው ሰው ያለ ነው የሚመስለው።»

በማግስቱ ራሱ መጣ።

ሲገባ እትዬ ወርቄ የሚባሉ ደንበኛ የልጃቸውን የሰርግ አልበም ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ይጮሁ ነበር። «ሐይቁ ዳር፣ በጠራራ ፀሐይ ነው የዳርኳት! እናንተ የማታ ሰርግ አደረጋችሁት!» እውነታቸውን ነው። ሞኒተሩ ከልክ በላይ ስለሚያበራ ፎቶው ፈክቶ ይታያል፤ ወረቀት ላይ ሲወጣ ግን ይጨልማል። ኢየሩስ እንደገና ልታትምላቸው ቃል ገብታ፣ ለምና ሸኘቻቸው።

ያቤጽ ሁሉንም በሩ ጥግ ቆሞ ሰምቷል። ሞኒተሩ ፊት ተቀመጠና የብርሃኑን ቁልፍ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ቁልፉ ላይ የነበረው ምልክት ከመነካካት ብዛት ጠፍቷል።

«አይስተካከልም?» አለችው።

«ይስተካከላል» አለ፤ ግን አልተጫነውም። እሷ እጇን አሳልፋ ስትቀንሰው ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

ከዚያ ወዲህ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ብቅ ማለት ለመደ። የሚሠራበት የንድፍ ቢሮ ቅርብ ነው። ትኩስ ሳምቡሳ በወረቀት ይዞ ይመጣል፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሙሽሮችን ያማሉ፤ ይስቃሉ። ሳቁ ሲያልቅ ግን የያቤጽ ዓይን ሰው የገባ ይመስል ወደ ሞኒተሩ ይሄዳል። ኢየሩስም ያን ጊዜ ዞራ ታያለች። ብቻዋን ስትሆንም መብራት መጥቶ ስክሪኑ ቦግ ሲል፣ ወንበሯ ላይ ቀድሟት የተቀመጠ ሰው ያለ ይመስላትና ቶሎ አትቀመጥም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጨክና ተናገረች።

«ያቤጽ፣ ይህን ቁልፍ ጠጋኝ ጋ ወስጄ ላስቀይረው ነው።»

«እንዳትነኪው!» ጩኸቱ ራሱንም አስደነገጠው።

«ማን ናት?» አለች ኢየሩስ ቀስ ብላ፣ የሴት ነገር መሆኑ ገብቷት።

«ሃሴት ትባላለች» አለ፤ ትባል ነበር አላለም። «እጮኛዬ ናት። ታቦር ሰፈር፣ እናቷ ቤት፣ በዚህ ሞኒተር የጥሪ ካርድ ትሠራ ነበር። ብርሃኑን እስከ ጥግ ታደርሰዋለች፤ እኔ ስመጣ ‹ዓይንሽን ልታጠፊው ነው› እያልኩ እቀንሳለሁ፤ እሷ እየሳቀች መልሳ ታበራለች። እንደ ጨዋታ ያዝነው። ለካ እየጨለመባት ነበር፣ ኢየሩስ። ጭንቅላቷ ውስጥ እጢ ነበረ። ሐኪም ጋ የደረስነው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። አንድ ቀን እንኳ ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም።»

ኢየሩስን አንጀቷን በላት። ከሐዘኔታው ጋር ግን ቅናትም ነበረባት፤ በሞተ ሰው መቅናት ያሳፍራል፣ ቢሆንም ነበረባት።

«ታዲያ እዚህ የምትመጣው እኔን ልታይ ነው፣ እሷን?»

ያቤጽ ተነስቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ መብራት ሄደ፣ መጣ፤ እሱ ግን አልመጣም። ኢየሩስ መጀመሪያ ብርሃኑን በንዴት ትቀንሰው ነበር። አንድ ቀን ግን ጣቷ ቁልፉ ላይ ሳለ፣ እየጨለመባት ያለች ሴት የምታያት መሰላትና ተወችው። በዚያ ሁሉ ብርሃን መሥራት ቀስ በቀስ ለመደች፤ ፎቶው እንዳይጨልም መጀመሪያ አንድ አትማ ታያለች። የናፈቀችው ግን ያቤጽን ነበር።

ዝናቡ ባባራበት አንድ ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ አየችው።

«መብራት እኮ አልጠፋም» አለችው።

«አውቃለሁ። አንቺን ለማየት ነው የመጣሁት። ያን ቀን እሷን ይሁን አንቺን፣ ለራሴም አልገባኝም ነበር። አሁን ግን የምናፍቀው ያንቺን ሳቅ ነው።»

ኢየሩስ ልትመልስለት ስትል ዓይኑ ሞኒተሩ ላይ ወድቆ ፊቱ ልውጥ አለ።

«መብራት ካልጠፋ ይህ ለምን እንዲህ ያበራል? አንቺ ነሽ ያበራሽው?»

«መቀነሱ አልሆነልኝም። እሷ ላይ ማጨለም መሰለኝ።»

«ራስሽን ያምሻል?»

«ኧረ ምንም! ደህና ነኝ።»

«እሷም እንደዚህ ነበር የምትለው። ተነሺ፣ ዓይንሽን እናስመርምር።»

ልትስቅበት ነበር፤ በሩን ከፍቶ ሲጠብቃት ስታይ ተወችው። ነጠላዋን አነሳች። ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ ከውስጠኛው ክፍል ሁሉንም ሰምተው ኖሮ «ሂጂ ልጄ፣ ሂጂ» አሏት።

ዓይን ክሊኒኩ ውስጥ ነርሷ ያቤጽን ውጭ አስቀርታ በሩን ዘጋች። ኢየሩስን አንድ ዓይኗን በመዳፏ አስሸፍና፣ ግድግዳው ላይ ያሉት ምልክቶች ወዴት እንደዞሩ በእጇ እንድታሳይ ነገረቻት። ኢየሩስ ከበሩ ሥር ባለው ክፍተት የያቤጽን ጫማ አየች። ንቅንቅ አላለም።

«ወደ ላይ!» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ወደ ቀኝ! ወደ ታች!»

«በእጅሽ ብቻ ይበቃል» አለች ነርሷ።

መስመሩ ባነሰ ቁጥር የኢየሩስ ድምፅ ጨመረ። «ወደ ግራ! ወደ ላይ!»

«አልደነቆርኩም እኮ፣ እህቴ!»

«ላንቺ አይደለም» አለችና የመጨረሻዎቹን፣ ከሁሉም የሚያንሱትን፣ አንድ ሳትስት ጮክ ብላ ጨረሰች። ከበሩ ኋላ ያቤጽ ሲያለቅስ ተሰማት።

«በይ አሁን ሌላኛውን ዓይን» አለች ነርሷ፤ እሷም የሰማች መሰለች፣ ድምፅዋ ለስልሷል።

ኢየሩስ እጇን አዛወረችና እንደገና ከላይ ጀመረች።