የወይዘሮ የሺዓለም ተራ

በሁለት ሺህ ዐሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ወርኃ መጋቢት ሲገባ፣ ከአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቅጽር ወጥቶ ወደ ዶሮ ማነቂያ ያቀና ሰው ጣሪያው የተነሣ ሰፈር ያይ ነበር፤ ቆርቆሮው ተነቅሎ፣ በርና መስኮቱ ተፈትቶ፣ ዕቃው በየደጃፉ ተከምሮ አይሱዙ ይጠብቃል። ከተማው መንገዱን ሊያሰፋ፣ ሰፈሩንም ሊያድስ ቆርጦ ተነሥቷል፤ ነዋሪውም ዕጣ እያወጣ ወደ ዳርቻው ይሄዳል። ነገሥታት ዘውድ የደፉበት፣ ጠላት እሳት የለቀቀበት፣ ከእሳቱም ተርፎ ዳግመኛ ያማረው ባለ ስምንት ማዕዘኑ ደብር ግን በስፍራው ነበረ፤ ደወሉም እንደ ወትሮው ይሰማ ነበር።

በዚያ ሰፈር ከሙሽርነታቸው ጀምሮ የኖሩ፣ ባለቤታቸውን ቀብረው ልጆቻቸውን የዳሩ፣ ክርና መርፌ ቸርቻሪዋ ወይዘሮ የሺዓለም ከሰው ሁሉ የባሰ ጭንቅ ያዛቸው። የሰማዕቱ የጽዋ ማኅበር አባል ነበሩና፣ የካቲት ሃያ ሦስት ቀን ጽዋውን በእልልታ ተረክበው ቤታቸው አስገብተዋል፤ በማኅበሩ ደንብ ደግሞ ጽዋ የተረከበ ሰው በሚቀጥለው ወር በዚያው ዕለት ማኅበርተኛውን በቤቱ ጠርቶ፣ አብልቶና አጠጥቶ፣ ለባለ ተራው ያስረክባል። ይህ ተራ፣ አዛውንቱ እንደሚያወሩት፣ ጠላት ደብሩን ባቃጠለበት ዘመን እንኳ አልተቋረጠም። አሁን ግን የወይዘሮ የሺዓለም ቤት ከቀኑ በፊት ሊፈርስ ነው።

«አባቴ» አሏቸው ለንስሐ አባታቸው ለመምሬ ለተክርስቶስ፣ በደጀ ሰላሙ ጥግ ተቀምጠው፤ «ከእናት ከአባት የመጣ ማኅበር በእኔ እጅ ሊበተን ነው። ምን ብዬ ነው ሰማዕቱ ፊት የምቆመው?»

መምሬ ቀልድ የማያጡ ሽማግሌ ነበሩ። «ልጄ፣ ጽዋውን ያነሣሽው አንቺ ነሽ ወይስ ግድግዳው?»

«እኔ ነኝ እንጂ።»

«እንግዲያው ግድግዳው ቢሄድ ምን አገባሽ? የደብሩን አለቃ አስፈቅጄ ደጀ ሰላሙን አሰጥሻለሁ።»

«እግዜር ያክብርልኝ። ግን እጄ አጥሯል፤ ጓዜም ታስሯል። ከአንድ ድፎና ከአንድ ጀሪካን ጠላ በላይ አይሆንልኝም። ይህን ደግሞ ለማኅበርተኛው አይንገሩብኝ፤ አፍራለሁ።»

«የነገርሽኝ እዚሁ ይቀራል» አሉ መምሬ።

ጉዱን ያመጣውም ይኸው ቃላቸው ነው። በማግስቱ ማኅበርተኛው «ሙሴ» እያለ የሚጠራቸው የማኅበሩ አለቃ፣ ጡረተኛው አቶ ሉልሰገድ መጡና፣ «የሺዓለም ተጨንቃለች፤ ድግሱን እኔ እችልላታለሁ፤ ብቻ አይንገሩብኝ» አሉ። ከእሳቸው ቀጥሎ ልብስ ሰፊው ገብረሕይወት መጣ፤ ከእሱ ቀጥሎ ሌላው፤ ሁሉም በጎ ሥራው እንዳይወራበት አደራ እያለ ሄደ። መምሬም ምስጢር ማውጣት አይሆንላቸውምና ለሁሉም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ዝም አሉ።

መጋቢት ሃያ ሦስት ሰኞ ዋለ፤ ዐቢይ ጾም ነውና ቅዳሴው ያለቀው ከቀትር በኋላ ነበር። ወይዘሮ የሺዓለም ያችኑ አንዲት ድፏቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ የጠላውንም ጀሪካን አሸክመው ደጀ ሰላሙ ገቡ። ወዲያው አቶ ሉልሰገድ ድፎ አሸክመው ብቅ አሉ፤ ገብረሕይወትና ባለቤቱ ምብራት ከነድፏቸው ሽሮ በትልቅ ድስት ይዘው ደረሱ፤ ከአምስት ኪሎ የሚመጡት ማኅበርተኞች ደግሞ እንዳያንስ ብለው ሁለት አስጋግረዋል፤ ጠረጴዛው ሞልቶ ዳቦው ወንበር ላይ ወጣ። መጀመሪያ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተፋጠጠ፤ ነገሩ ሲገለጥላቸው ግን ዓይን ሁሉ ወደ መምሬ ዞረ።

«ምነው አባቴ» አሉ አቶ ሉልሰገድ፤ «ለአንዳችን እንኳ ‹በቃ፣ ሞልቷል› ቢሉ ምን ነበረበት?»

«ሁላችሁም አይንገሩብኝ አላችሁ። እኔ የንስሐ አባት ነኝ እንጂ ወጥ ቤት ነኝ?»

ደጀ ሰላሙ በሳቅ አውካካ። ወይዘሮ የሺዓለም እየሳቁ አለቀሱ፤ «እናንተ እኮ ጉዶች ናችሁ! ውለታችሁን እሱ ይክፈላችሁ» አሉ።

በማኅበሩ ልማድ የጽዋ ትራፊ ተቋጥሮ ወደ ቤት አይሄድም። ስለዚህ አቶ ሉልሰገድ ከቅጽሩ በር ቆመው ያገኙትን ሁሉ ጠሩ፤ ጓዙን የሚጭነው ጎረቤት፣ ቆርቆሮ የሚነቅለው የቀን ሠራተኛ፣ የአይሱዙው ሾፌር ሁሉ ገባ። የረመዳን ጾም ይዛ የነበረችው ጎረቤታቸው ረይሀና፣ «ሳህን ሳይኖራችሁ በምን ልታበሉ ነው?» ብላ የታሰረ ጓዟን ፈትታ ሳህኖቿን አመጣች። አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ሊሄድ የተሰናዳው ሰፈር፣ በአንድ ስሕተት ምክንያት አብሮ በላ፤ የተቀያየመው ታረቀ፤ ያልተሰናበተውም ተሰናበተ።

ጽዋውን የማስረከቢያው ሰዓት ሲደርስ ግን ሳቁ በረደ። ባለ ተራው ገብረሕይወት ነበር፤ የደረሰው ቤትም ከከተማው ጫፍ ነው። አልችልም ቢል ማንም አይፈርድበትም፤ ማኅበሩም እዚያው ያበቃል። ወይዘሮ የሺዓለም ጽዋውን እንደ ታቀፉ ቆሙ።

«እትዬ» አለ ገብረሕይወት፤ «ቤቱን ገና አላየሁትም። ቁልፉን ነው የተሰጠሁት፤ በሩ በየት በኩል እንደሆነም አላውቅ።»

«እውነትህን ነው ልጄ፤ ማን ይፈርድብሃል» አሉ።

«ኧረ እሱን አይደለም የምልዎት! አልጋውም ጠረጴዛውም ይቆይ፤ ከሁሉ ቀድሞ ጽዋው ይግባበት ብዬ ነው። ይስጡኝ።»

እልልታው ቀለጠ፤ ማኅበርተኛውም እየዘመረ እስከ ታክሲ ተራው አጀበው።

የሚያዝያው ሃያ ሦስት በሰሙነ ሕማማት ስለዋለ፣ የገብረሕይወት ድግስ ከትንሣኤ በኋላ ሆነ። ማኅበርተኛው ከየደረሰበት ዳርቻ ተጠራርቶ ሄደ፤ ሕንፃዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸውና ወይዘሮ የሺዓለም መንገድ ጠፋቸው። ገብረሕይወት ብለው ቢጠይቁ የሚያውቀው አልተገኘም። በመጨረሻ ልብስ የምታሰጣ አንዲት ወጣት፣ «ጽዋው የገባበት ቤት ነው እንዴ፣ እማማ? እኛንም ጠርተውናል፤ ይምጡ አብረን እንሂድ» ብላ እጃቸውን ያዘች።

የዚያን ዓመት ዜና የሚጽፉ ሰዎች ስለ ሰፋው መንገድና ስለ ተነሣው ሰፈር ይጽፋሉ፤ ደብሩንም በነገሥታቱ ዘውድና በጠላት እሳት ያስታውሱታል፤ ተገቢም ነው። ያ የሰኞ ማዕድ ግን በየትም አልተጻፈም፤ የበሉትም ሲያልፉ አብሮ ያልፋል። ወይዘሮ የሺዓለም በዚህ አላዘኑም፤ በማያውቁት ደረጃ፣ የማያውቋት ልጅ ደግፋቸው ሲወጡ፣ በየእርከኑ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ፣ «ተመስገን፤ በእኔ እጅ አልቀረም» ይሉ ነበር።