ግንዱ ያልተቀበለው ሙሽራ

በሎንግችዋን ተራሮች ላይ ሊንግዢ የሚሉትን ቀይ የመድኃኒት እንጉዳይ የማያበቅል ቤት የለም። እንደ ሽማግሌው ዌይ አድርጎ የሚያበቅል ግን ከሰማይ በታች አልተፈጠረም። ቀዩ እንጉዳዩ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል፤ ዝናብ ሲመጣ ፍየሎች ከሥሩ ይጠለላሉ ቢባል እንኳ በመንደሩ የሚከራከር አልነበረም። ከዚያ እንጉዳይ ልጁ ሱላን የምታፈላው መድኃኒትማ ምሬቱ አስከሬን አስነስቶ «ውሃ ስጡኝ» ያሰኛል።

ሱላን ራሷ ከድስቱ እንፋሎት መሃል ብቅ ስትል መንገደኛ መንገዱን ይረሳል። ፔይሼንግ የተባለው ወጣት የረሳው በመኸር አንድ ጠዋት ነው። ከታችኛው ሸለቆ፣ ከቀርከሃ ቆራጮች መንደር፣ ለእናቱ ሳል መድኃኒት ሊወስድ መጣ። ሱላን የተከተፈውን እንጉዳይ ለሁለተኛ ጊዜ እያፈላች፣ አረፋውን በጭልፋ ትገፍፋለች።

«ቅመሰው» አለችው ለተንኮል። የቀመሰ ሁሉ ፊቱን እንደ አሮጌ ጫማ ሲያጨማድድ ማየት ከልጅነቷ ጀምሮ የማትጠግበው ቲያትር ነበር።

ፔይሼንግ ጨልጦ ጭልፋውን መለሰላት። ፊቱ ንቅንቅ አላለም።

«አይመርህም እንዴ?»

«አንጀቴ እያለቀሰ ነው። ፊቴን ካጨማደድኩ ግን ዓይኔ ይጨፈናል፤ አንቺን ማየት ያመልጠኛል።»

ሱላን አረፋ መግፈፏን ረሳች። ድስቱ ገነፈለ፣ እሳቱ ጠፋ። የዌይ ድስት ሲገነፍል በመንደሩ ታሪክ ያ የመጀመሪያው ነው።

ከዚያ በኋላ ፔይሼንግ ዳገቱን የወጣውን ያህል ደመና እንኳ አልወጣውም። ሱላን ለእናቱ ወፍራሙን ታዘጋጅላት ነበር፤ ከፈላው የተረፈውን እንጉዳይ በሩዝ አረቄ ዘፍዝፋ፣ አጥልላ፣ አስቀድሞ ከተፈላው ውሃ ጋር ቀላቅላ፣ ከማንኪያ እንደ ማር እስኪንጠባጠብ ድረስ በዝግታ እሳት ታተነዋለች። እናቱ ግን በብርዱ ወራት ሞተች።

«መድኃኒቴ አልሠራም» አለች ሱላን እያለቀሰች።

«እናቴ ግን ወዳው ነበር።»

«ምሬቱን?»

«ልጇ ሊያመጣላት ሄዶ ሲመለስ እያፏጨ መግባቱን።»

ሐዘኑ ሲበርድለት ሽማግሌው ፊት ቆመ።

«ጋሼ ዌይ፣ ሱላንን…»

«ጫካ አለህ?»

«የለኝም።»

«ግንድስ?»

«እሱም የለኝም።»

«ድፍረት ግን ሞልቶሃል! ስማ። የቤቴን ሕግ ታውቃለህ። ጫካ የሌለው ሙሽራ ከኔ አንድ የእንጉዳይ ዳስ ይሰጠዋል። ግንዱን ይቆርጣል፣ ዘሩን ያስገባል፣ ያበቅላል። እንጉዳይ የሰው እጅ ያውቃል። ከተቀበለህ ልጄ ያንተ ናት። ካልተቀበለህ እኔ ምን ቆርጦኝ ነው የምቀበልህ?»

ይህን ሌላ አገር ቢናገሩት ያስቃል። በእኛ ተራራ ግን የሚስቅ የለም። ፔይሼንግም አልሳቀም።

ፔይሼንግ እንደ አንድ ሠራዊት ሠራ። ግንዱን ቆራርጦ በላስቲክ ከረጢት አሽጎ በእንፋሎት ቀቀለ፤ ሲቀዘቅዝ የእንጉዳዩን ዘር አስገባበት። ጨለማ ክፍል ውስጥ ከዘሩ የወጣው ነጭ ድር እንጨቱን ቀስ በቀስ ሲያለብሰው፣ ሱላን በሩ ሥር ተንበርክካ በስንጥቁ ታያለች። ድሩን ይሁን ልጁን፣ ለራሷም አልነገረችም። ጸደይ ሲመጣ ግንዶቹን ከከረጢቱ አውጥተው፣ ጀርባቸው ብቻ ብቅ እስኪል ድረስ ዳሱ ውስጥ በአፈር ቀበሩ።

ጸደዩ ቀዝቃዛ ሆነ። የጎረቤቶቹ ግንዶች የሕፃን ጣት የሚመስል ቡቃያ አወጡ። የፔይሼንግ ዝም አሉ። የእንጉዳይ አምላክ በዓል እየቀረበ ነው፤ በዚያ ቀን ሽማግሌው መንደሩን አስከትሎ ዳሱን አይቶ ቃሉን ይሰጣል።

«እንቀስቅሳቸው» አለች ሱላን።

የጫካውን ጥቁር እንጉዳይ፣ አልወጣም ሲል፣ አያቶቻችን ግንዱን በመጥረቢያ ጀርባ ይመቱት ነበር። ደንግጦ ይወጣል፤ እውነትም ይወጣል።

«ያ እኮ ለጥቁሩ ነው። ለቀዩ ተደርጎ አያውቅም።»

«ቀዩስ ጆሮ የለውም? ወይስ እኔን ለማግባት አልቸኮልክም?»

እኩለ ቀን ነበር፤ አባቷ ሸለብ አድርጎታል። የመጀመሪያውን ግንድ የመታችው እሷ ነች። «ተነሱ እናንተ ሰነፎች፣ ሰርጋችን ደርሷል!» እያለች ስትጮህ ፔይሼንግ አፏን በእጁ ሊይዝ እየሮጠ፣ ሁለቱም በሳቅ ፈርሰው አፈሩ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ እሱም መጥረቢያውን ተቀብሎ የቀሩትን መታ። እንደዚያን ቀን ስቀው አያውቁም።

ቀዩ እንደ ጥቁሩ አልነበረም። የተመታው ቅርፊት ተሰነጠቀ፣ በስንጥቁ ሻጋታ ገባ። በዓሉ ሲደርስ ዳሱ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆኖ ነበር፤ ሽታው ከሩቅ ይቀበላል።

ሽማግሌው አጎንብሶ አንዱን ግንድ ዳበሰ። ከኋላው መንደሩ በሙሉ ቆሟል።

«ማነው የመታቸው?»

«እኔ ነኝ» አለ ፔይሼንግ፣ ሱላን አፏን ሳትከፍት።

«ውሸቱን ነው አባባ! መጥረቢያውን ያነሳሁት እኔ ነኝ!»

ቢቆጣ ተስፋ ነበር፤ ቁጣ ይበርዳል። አዛውንቱ ግን አልተቆጣም።

«እንግዲያው ሁለታችሁንም አልተቀበለም» አለ በዝግታ። «የሚቀበላችሁ ቢሆን ኖሮ ብትመቱትም በቻለው ነበር።»

ሱላን ልብሷን በጨርቅ ቋጥራ፣ አገር ጥሎ ሊሄድ የወጣው ፔይሼንግ ዘንድ አውቶቡስ መቆሚያው ላይ ደረሰች።

«ዌንዡ ከተማ ነው የምትሄደው፣ አይደል? ጫማ ፋብሪካ? እኔም መስፋት አያቅተኝም።»

ፔይሼንግ ጥቅሏን አየና ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

«ምነው? ጥቅሉ ትልቅ ሆነብህ? ግማሹን እጥላለሁ።»

«ሱላን፣ አባትሽ ልክ ቢሆንስ?»

ልትስቅ ነበር። ፊቱን ስታይ ተወችው።

«ሻጋታ እኮ ነው! ፔይሼንግ፣ ሻጋታ!»

«ልጅ ቢታመምብን ያንን ግንድ አስባለሁ። ሥራ ባጣ አስበዋለሁ። አንቺም ዓይኔ ውስጥ ታዪዋለሽ። እያየሽው ታረጃለሽ።»

ሱላን እጁን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። አውቶቡሱ መጣ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ከእጇ ሲያላቅቅ እንኳ ዓይኑን አላነሳም።

ከዚያ በኋላ ስንት ባል ቀረበላት! አንዱ የሻይ ተራራ ያለው፣ አንዱ መኪናው እንደ መስተዋት የሚያበራ። ሱላን ሁሉንም መድኃኒቱን ታስቀምሳለች፤ ሁሉም ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፤ ሁሉንም ትሸኛለች።

ዓመታት አልፈው አንድ ጸደይ የሽማግሌው የራሱ ዳስ ሻገተ። መጥረቢያ ያልነካው፣ በዚያ በተመሰገነ እጅ የተተከለ ግንድ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። አዛውንቱ ግንዶቹን ቆልሎ ሲያቃጥል ሱላን አጠገቡ ቆመች።

«አባባ፣ አሁንስ ማንን ነው ያልተቀበለው?»

ሽማግሌው እሳቱን መቆስቆሱን ቀጠለ።

የስልክ ቁጥሩን ከፔይሼንግ የአክስት ልጅ ተቀብላ ደወለች። ድምፁን ወዲያው አወቀችው።

«የአባቴ ዳስ ሻገተ» አለችው፣ ሰላምታ ሳታስቀድም።

በስልኩ ውስጥ የሞተር ብስክሌት ጥሩንባና የሻጮች ጩኸት ይሰማል።

«የመታቸው አለ?»

«ማንም አልነካቸውም።»

«ታዲያ… ሻጋታ ብቻ ነበራ።»

«ሻጋታ ብቻ።»

ከወዲያ የሴት ድምፅ ተጣራ፤ «የሹሹ አባት! እራት ቀረበ!»

«መጣሁ» አለ ፔይሼንግ። ስልኩን ግን አልዘጋም። ሱላንም አልዘጋችም። እስትንፋሱን ትሰማለች፤ እሱም እስትንፋሷን።

ሴትዮዋ ደግማ ጠራችው። በዚህኛው ጥሪ ስልኩን ዘግቶ ሄደ።