ሰዓት ቤት አለ!

ጠጋ በሉ፤ በሩንም ግጥም አድርጉት። ከመካከላችሁ በጨለማ ብቻውን መሄድ የሚወድ አለ? አለ? እንግዲያው እሱ ደህና አድርጎ ይስማ።

በአንድ ከተማ፣ ስሟ ይቅር፣ የባንኮች ጎዳና የሚባል መንገድ ነበረ። ቀን ሰው በሰው ላይ ይረማመድበታል፤ ሌሊት ግን ውሻም አያልፍበትም። እዚያ ጎዳና ላይ ይርዳው የሚባል አዲስ ዘበኛ ተቀጠረ። ስንት ደጅ ጠንቶ ያገኛት እንጀራ ናት፤ ሚስቱም ልትወልድ ተቃርባለች። የዘበኞቹ አለቃ ሻምበል ዘለቀ ገና ሲቀጥሩት፣ "ስማ! የሌሊቱ ጥሪ አንተ ጋ ከተቋረጠ፣ ሥራህም እዚያው ተቋረጠ" አሉት።

ጥሪው ምን መሰላችሁ? ዘበኞቹ እንቅልፍ እንዳይጥላቸው የሚጠባበቁበት ዘዴ ነው። ከላይኛው ጫፍ ግድግዳው ክንድ ከስንዝር የወፈረ፣ በሩ ላይ አንበሳ የተቀረጸበት ባንክ አለ። ዘበኛው፣ "ድንጋይ ቤት አለ!" ብሎ ይጮኻል። ቀጥሎ አንድ አርመናዊ ነጋዴ ለልጁ ሰርግ ያሠራው፣ ኋላ የኢንሹራንስ ድርጅት የገባበት ባለ ሰገነት ቤት፤ "ሰገነት ቤት አለ!" ቀጥሎ እንደ ድስት ክብ የሆነው ባንክ፤ "ክቡ ቤት አለ!" መጨረሻ ላይ የይርዳው አዲስ ፎቅ፤ "መስታወት ቤት አለ!"

በክቡና በመስታወቱ መካከልስ? ባዶ ሜዳ፣ በቆርቆሮ የታጠረ። የጎዳናው የመጀመሪያ ባንክ እዚያ ነበረ። ነጋዴው ጠገራ ብሩን በበቅሎ ጭኖ የሚመጣው ወደ እሱ ነበር። ግንባሩ ላይ ትልቅ ሰዓት ስለነበረው ሰዓት ቤት ይሉታል። አፈረሱት። ለምን? ፎቅ ሊሠሩበት። ሠሩ? የት አባታቸው!

አንድ ሌሊት ጭጋግ ወረደ። ድንጋዩ አለ፣ ሰገነቱ አለ፣ ክቡ አለ። ይርዳው ጉሮሮውን ሲጠራርግ፣ ከቆርቆሮው ወዲያ አንድ ያረጀ ድምፅ፣ "ሰዓት ቤት አለ!" አለ።

ይርዳው ፈራ? የለም፣ ደስ አለው! ጎረቤት ያገኘ መሰለው። በሚቀጥለው ዙር ድምፁ ቀረበ። ከዚያ በኋላ በነበረው ዙር ከአጥሩ በላይ ቆብ ብቅ አለ። ከቆቡ ሥርስ? ጭጋግ ብቻ።

"እንደምን አመሹ ጋሼ? አዲስ ነዎት?"

"አዲስስ አንተ! እኔ ይኼን ደጅ ስጠብቅ አባትህ አልተወለደም።"

"የቱን ደጅ?"

"ሰዓት ቤትን ነዋ! ዕውር ነህ እንዴ?"

ይርዳው ሳቀ። እዩት እንግዲህ ጥፋቱን! "እሱማ ፈርሷል እኮ ጋሼ! ሜዳ ላይ ነው የቆሙት።"

ቆቡ ቀስ ብሎ ዞረ። ሜዳውን አየ።

"ማንም አልነገረኝም" አለ። "እንግዲያው የማንን ደጅ ልጠብቅ?"

ከዚያም ቆቡ ወደ መስታወቱ ፎቅ ዞረ።

ይርዳው እግሬ አውጪኝ አለ! ክቡ ቤት ደርሶ፣ ከሰል የሚሞቁት ዘበኛ ጋሽ ጉርሙ እግር ሥር ወደቀ።

"ሰው አለ ጋሽ ጉርሙ! አይ፣ ሰው አይደለም!"

"ደግሞ ደጅህን ጥለህ መጣህ? ሩጥ ተመለስ! ሻምበሉ ከሰሙ አለቀልህ።"

ይህን ሲሉ ጥሪው ጀመረ። "ድንጋይ ቤት አለ!" "ሰገነት ቤት አለ!" ጋሽ ጉርሙም፣ "ክቡ ቤት አለ!" አሉ። ሁለቱም ጆሯቸውን አቀኑ። ከሜዳው ምንም የለም። ይርዳው ሚስቱን አሰበ።

በዚህ ጊዜ ከታች፣ ሰው ከሌለበት ደጅ፣ "መስታወት ቤት አለ!" የሚል ድምፅ መጣ። የማን ድምፅ? የራሱ የይርዳው!

ጋሽ ጉርሙ ከራሱ እስከ እግሩ አዩት። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ።

"እዚያ የጮኸው ይርዳው ከሆነ… አንተ ማነህ?"

ይርዳው ወደዚያ ደጅ አልተመለሰም፤ እንጀራውን ሙት ነጠቀው። የፎቁ ባለቤቶችም ሌላ ዘበኛ አልቀጠሩም። ምን በወጣቸው? የማይተኛ፣ ደመወዝ የማይጠይቅ ዘበኛ ከየት ይገኛል?

እናንተ ግን ሌሊት ብቻችሁን አትሂዱ። የግድ ከሆነባችሁና አንድ ሽማግሌ ከባዶ ሜዳ "ቤቱ አለ!" ቢላችሁ፣ አትከራከሩ። "አለ ጋሼ፣ አለ!" ብላችሁ እለፉ።