የሳሙናው ባለሀብት የመጨረሻ ቀረጻ

ናስር ሐሙስ ሊመሽ ሲል ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ፊት ለፊቱ የቆመው ስልክ አሁንም ወደ እሱ እንዳነጣጠረ ነበር። የስልኩ ማኅደረ ትውስታ ሞልቶ ቀረጻው ከቆመ ቆይቷል። ሚስቱ ሰብሪያ ጋአን ሊባህ ሰፈር ካለው ሱቃቸው ተመልሳ የቀረጻ ክፍሉን በር ስትከፍት ደክሞት የተኛ መስሏት ትከሻውን ነካ አደረገችው። ከዚያ በኋላ ያሰማችው ጩኸት 31 ሜይ የሚባለውን የሐርጌሳ ሰፈር ጎረቤት ሁሉ ግቢው ውስጥ አከማቸ።

መርማሪ ኢስታሂል የተጠራችው አማርኛ ስለምትችል ነው። በጦርነቱ ዘመን በእናቷ ጀርባ ታዝላ ከሐርጌሳ ወጥታ ድሬዳዋ አድጋለች። ኢትዮጵያውያን ያሉበት ጉዳይ ሲመጣ አለቆቿ ሌላ ሰው አይፈልጉም። ናስርን ደግሞ ለማወቅ መርማሪ መሆን አያስፈልግም ነበር። ከከተማው ዳር አያሃ በሚባለው ሰፈር ድንጋይ ተሸክሞ፣ በአንድ ባልዲ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ፣ ኋላም የሳሙና ፋብሪካ የከፈተ ሰው ነው። በየሳምንቱ ሐሙስ በአማርኛ ቀርጾ በኢንተርኔት በሚለቀው ዝግጅቱ የነዳጁን ዋጋ፣ የዶላሩን ምንዛሪ፣ የቤት ኪራዩን ወሬ ካወራ በኋላ እንዴት ባለሀብት እንደሚኮን ያስተምራል። ወሎና ሐረርጌ ያለ ወጣት ሁሉ ያየዋል።

«ልቡ ነው» አለ ከሰፈሩ ክሊኒክ የመጣው ሐኪም። «በሠላሳ ስምንት ዓመትም ያጋጥማል።»

ኢስታሂል የሟቹን እጅ አንስታ ወደ አምፖሉ አስጠጋችው። ጥፍሮቹ ሥር እንደ ሮማን ፍሬ ቀልቷል። ከንፈሩም እንደዚያው።

«ዶክተር፣ ልቡ የቆመ ሰው ጥፍር እንዲህ ይቀላል?»

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየና ድምፁ ተለወጠ። «አይቀላም። የሞተር ጭስ የገደለው ሰው ነው እንዲህ የሚሆነው።»

ክፍሉ መስኮት አልነበረውም። ድምፅ እንዳይገባ ግድግዳው በሙሉ ስፖንጅ ተለጥፎበታል። ኮርኒሱ ሥር ግን የመዳፍ ስፋት ያላት የአየር ቀዳዳ አለች። ኢስታሂል ወንበር ላይ ወጥታ በመሐረብ ስትጠርጋት መሐረቡ ጠቆረ። ከግድግዳው ጀርባ የጀነሬተሩ መጠለያ ነው። የጭስ ማውጫው ቧንቧ በደንብ ተገጥሞ በአጥሩ ላይ ወደ ውጭ ወጥቷል። እንዲህ ሆኖ ጥላሸት ወደ ቀዳዳዋ ሊገባ አይችልም። በመብራት ጠጋ ብላ ስታይ ግን መጋጠሚያው ላይ የተቃጠለ ነጭ የጥጥ ክር ተጣብቋል። አጠገቡ ምስማር ላይ የተሰቀለው ወፍራም የመካኒክ ጓንት አቧራ እንደለበሰ ነው።

ቧንቧውን የነቀለ ሰው አለ። መልሶ የገጠመውም አለ።

ዓርብ ናስር ተቀበረ። ከጁምዓ በኋላ ኢስታሂል ሐሙስ ዕለት ቤቱን የረገጡትን ሰዎች አንድ በአንድ አነጋገረች። መጀመሪያ የንግድ ሸሪኩን ዋርሳንን። አዲስ አበባ የተማረ ሐርጌሳዊ ነው፤ ሸሚዙ ንጹሕ፣ ዓይኖቹ ቀይ።

«ሐሙስ ጠዋት ከናስር ጋር ስትጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል» አለችው። «‹ይህን ብትናገር ሁላችንንም ትቀብረናለህ› ብለኸዋል።»

«ብያለሁ። የፋብሪካው ፈቃድ በእኔ ስም ነው፣ ፊቱ ግን የእሱ ነበር። ሆቴሎቹ ሳሙና አይደለም የሚገዙት፣ የእሱን ታሪክ ነው።»

«ምን ሊናገር ነበር?»

«ተይኝ እስቲ፣ ሰውየው ሞቷል።»

«ቀረጻ በሚጀምርበት በአስር ሰዓት የት ነበርክ?»

«ሳሎን ሆኜ ከአንድ የሆቴል ሥራ አስኪያጅ ጋር በስልክ አወራ ነበር። ጀነሬተሩ ሲነሳ ሰምቻለሁ። መሀድ እየሞከረው መሰለኝ። ከአስር ደቂቃ በኋላ ወጣሁ።»

መሀድ የቤቱ ሹፌርም ቴክኒሻንም ነው። የድሬ ልጅ ስለሆነ ኢስታሂልን እንደ እህቱ «አንቺ» እያለ ነው የሚያወራት።

«እኔማ የአስርን ሶላት ልሰግድ መስጊድ ሄጄ እዚያው ቆየሁ፤ ወላሂ! ጀነሬተሩን የነካሁት ረቡዕ ነው፣ ቤንዚን ሞልቼ። ዛሬ ባየው ጎድሏል። ደግሞ ለምን ይነሳል?»

«ብዙ ይጠጣል?»

«ለትንሽነቱ ይጠጣል። ሥራ የለውም እንጂ! አምፖልና የስልክ ቻርጅ ነው የሚችለው። ፍሪጅ ሲሰካበት እንኳ ይጠፋል።»

ሦስተኛዋ ሱሀይላ ነበረች፤ የቤት ሠራተኛቸው፣ ከወሎ የመጣች የሃያ ስድስት ዓመት ሴት። የታጠፈ ልብስ የያዘ ዘንቢል አጠገቧ አስቀምጣ ቀና ሳትል ተቀመጠች።

«ሐሙስ ከሰዓት ምን ትሠሪ ነበር፣ እህቴ?»

«ልብስ እተኩስ ነበር፣ እትዬ። ያው መብራት ሲጠፋ መሀድ ጀነሬተሩን አስነሳው መሰለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መተኮሴን ቀጠልኩ። እስከ መግሪብ።»

ኢስታሂል ወደ ዘንቢሉ አየች። ዘጠኝ የናስር ሸሚዞች በሥርዓት ታጥፈዋል። ከሥራቸው ልብስ ሲተኮስ የሚነጠፈው ነጭ ጨርቅ ይታያል። ስለ ጨርቁ ምንም አላለችም። በመውጫዋ ሰብሪያን በር ላይ አገኘቻትና ሠራተኛዋ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየች ጠየቀቻት።

«ሦስት ዓመቷ ነው። ልጅ የላትም፣ ማንም የላትም። ወንድሟ ዘይኑም ከሁለት ወር በፊት ሞተባት» አለች ሰብሪያ። «እዚህ ሊመጣ ተነስቶ ነው። ከድንበር ከተማው ከወጃሌ ወዲህ አሻጋሪዎቹ በረሃ ላይ ጥለውት በውኃ ጥም።»

«ለምን ሊመጣ ፈለገ?»

ሰብሪያ የጥቁር ሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። «የናስርን ዝግጅት ያይ ነበር።»

ኢስታሂል ቢሮዋ ተመልሳ የሟቹን ስልክ ከፈተች። ቀረጻው አርባ አንድ ደቂቃ ነው። ሦስት ጊዜ አየችው፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በጆሮ ማዳመጫ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍታ። ሲያበቃ የሰማችውን ቃል በቃል ወረቀት ላይ አሰፈረች። ማን እንዳደረገው ካወቀች ቆይታለች። አሁን ያወቀችው ነገር ግን ለማንም አይጠቅምም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አራቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ናስርን የገደለው ከጀነሬተሩ የወጣ ጭስ ነው» ብላ ጀመረች። «የመጀመሪያው ጥያቄ ጀነሬተሩ ለምን ተነሳ የሚል ነው። ቀረጻው ላይ ድምፁ በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ይጀምራል። እዚህ አገር የሚኖር ሁሉ እንደሚያውቀው መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር እስኪነሳ ክፍል ይጨልማል። የናስር ክፍል አልጨለመም። አምፖሉ አንዴ እንኳ አልተርገበገበም። መብራት ሳይጠፋ ነው ያስነሱት።»

«ታዲያ እኔ አልነበርኩም!» አለ መሀድ።

«አልነበርክም። ቧንቧውን አንተ ብትነቅል ኖሮ ያንን ጓንት ታደርግ ነበር። አቧራው አልተነካም። ነቃዩ ቧንቧው ሳይግል አወጣው፣ ሊመልሰው ሲል ግን እንደ እሳት ፈጀው፣ ጨርቅ ፈለገ። ክሩ ተጣብቆ ቀርቷል።»

ዋርሳን ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። ኢስታሂል ወደ እሱ ዞረች።

«አንተ ናስር ዝም እንዲል ከማንም በላይ ትፈልግ ነበር። ግን የስልክህን መዝገብ አይቻለሁ፣ ሥራ አስኪያጁንም ጠይቄያለሁ። ሞተሩ ሲነሳ በወሬ መሐል ነበርክ፤ ‹ይህ ጩኸት ምንድን ነው?› ብሎሃል። ከዚያም እስኪመሽ ድረስ ከሆቴሉ ሰዎች ጋር ቁጭ ብለህ ነበር፤ ቧንቧውን ልትመልሰው አትችልም።»

ሱሀይላ ምንጣፉን ታያለች።

«መብራት ጠፍቶ ነበር ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው» አለች ኢስታሂል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ያው ሰው መብራት ጠፍቶ ሳለ እስከ መግሪብ ልብስ ሲተኩስ እንደዋለ ነገረኝ። ዘጠኙም ሸሚዝ ተተኩሷል፤ ያ ውሸት አይደለም። ፍሪጅ የማይችል ጀነሬተር ግን ካውያ አይሸከምም። መብራት ነበረ ማለት ነው።» ከዘንቢሉ ሥር ነጩን ጨርቅ አወጣችና ዘረጋችው። መሐሉ ላይ የቧንቧ ወርድ ያህል ተቃጥሏል። «ካውያ እንዲህ ክብ አድርጎ አያቃጥልም፣ ሱሀይላ።»

ሱሀይላ አልካደችም። የጠበቁት ዓይነት ድምፅ አልወጣትም፤ ቀዝቃዛ ነበር።

«ሁለት ወር ሙሉ ለመንኩት። ‹ጋሼ ናስር፣ ይህን ነገር ይተዉት፣ ሌላም ሰው ይሞታል› አልኩት። ‹እሺ› ይለኛል። ሐሙስ ሲደርስ ሸሚዙን አስተኩሶ ይገባል። ለዘይኑ አንድ ሐሙስ እንኳ አልዘለለለትም።»

«ልትገድዪው ብለሽ ነው?»

«ጭሱ ያስወጣዋል ብዬ ነው። እያሳለ ይወጣል፣ ጩኸቱም ቀረጻውን ያበላሽበታል፣ ለዛሬ እንኳ ይቀራል ብዬ። አልወጣም።»

«ሳይወጣ ሲቀር ለምን በሩን አልከፈትሽም?»

«አላውቅም። ሸሚዙን ጨርሼ ልሂድ አልኩ። ሌላ ሸሚዝ አነሳሁ። ሌላ አነሳሁ። እግሬ እምቢ አለኝ። በኋላ ስሄድ ጭጭ ብሏል። አጠፋሁትና ቧንቧውን መለስኩት።»

«በሩ አልተቆለፈም ነበር» አለች ሰብሪያ ለራሷ እንደምታወራ ሆና። «ጭስ ይሸተው የለም? ለምን ተቀመጠ?»

ኢስታሂል ይህን ጥያቄ ፈርታው ነበር። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አቆመችና ከአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ አስጀመረችው። የናስር ፊት ታየ፤ ከኋላው የሞተሩ ጩኸት አፉን ሸፈነው። ምን እንደሚል አይሰማም። ኢስታሂል የጻፈችውን ወረቀት አውጥታ ከከንፈሩ እኩል ማንበብ ጀመረች።

«‹ፋብሪካው ከተዘጋ ሰባት ወር ሆኖታል። የምታዩት ሳሙና ከውጭ ተገዝቶ የሚመጣ ነው፤ እኔ ስሜን ነው የምለጥፍበት። ሠራተኞቼን በትኛለሁ። እዚህ ሥራ የለም፣ እኔም ባለሀብት አይደለሁም።›»

ዋርሳን ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ምስሉ ላይ ናስር ቀና ብሎ ቀዳዳዋን አየ፣ አፍንጫውን በክርኑ ጠረገ፣ ወደ በሩ ዞረ። ሊነሳ ጠረጴዛውን ተደገፈ። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ።

ኢስታሂል ማንበቧን ቀጠለች። «‹ጭስ ገብቶብኛል፣ ይቅርታ። አሁን ከተነሳሁ ግን ተመልሼ የምቀመጥ አይመስለኝም። ሁለት ወር ሙሉ እየገባሁ ሳልናገር ወጥቻለሁ። አንድ ልጅ በእኔ ወሬ መጥቶ በረሃ ላይ ቀርቷል። ሬሳውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ አያሃ አጥቤ የቀበርኩትም እኔ ነኝ። ስሙ ዘይኑ ነው። እህቱ እዚህ ቤት ናት፣ ዓይኗን ማየት አልቻልኩም። አትምጡ። ስለ አላህ ብላችሁ አትምጡ።›»

ከዚህ በኋላ ናስር ቃል መፈለግ ጀመረ፤ ግንባሩን ያዘ፣ ፈገግ ሊል ሞከረ፣ ጠረጴዛው ላይ ጋደም አለ። የቀረው ጊዜ ፀጉሩ ብቻ ነው የሚታየው።

ሱሀይላ ከምንጣፉ ተነስታ ወደ ስልኩ ተጠጋች። በሁለት እጇ ያዘችው፤ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

«ምንም አይሰማም» አለች።

«በጆሮ ማዳመጫ፣ ሁለት ጊዜ አዳምጬ ነው» አለች ኢስታሂል።

«ቢለቀቅስ? አገር ቤት ያሉት ልጆች ቢያዩት አይሰሙትም?»

«አይሰሙትም። ሞተሩን ነው የሚሰሙት።»

«የበፊቶቹንስ እናጥፋቸው! እትዬ ሰብሪያ፣ የበፊቶቹን ያጥፏቸዋ!»

ሰብሪያ የራሷን ስልክ ከጭኗ ላይ አንስታ ተመለከተችው። ከትናንት ጀምሮ ሳታቋርጥ የምታየው እሱን ነበር። «የእኛን ገጽ ሌሊቱን ዘጋሁት» አለች። «ግን የማላውቃቸው ሰዎች ቀድተው ለጥፈውታል። መሞቱ ከተሰማ ወዲህ ሁሉም እየተቀባበለው ነው። ‹ጀግናው ነጋዴ› ብለው ጽፈውበታል።»

መሀድ እየተነፋረቀ ወጣ። ዋርሳን እንደተቀመጠ ቀረ።

ኢስታሂል በሥራ ዘመኗ ብዙ ጥፋተኛ ይዛለች። እንዲህ ጉዳዩን ፈትታ ምንም ያልፈታች ያህል የተሰማት ጊዜ ግን አልነበረም። ዳኛው ነፍስ ማጥፋት ይበለው ቸልተኝነት፣ እሷ አታውቅም። መዝገቡ ላይ የምትጽፈው ቀን፣ ሰዓት፣ ቧንቧና ጨርቅ ብቻ ነው።

«ጫማሽን አድርጊ» አለቻት ሱሀይላን። «መኪናው ውጭ ነው።»

ሱሀይላ በሩ ላይ ስትደርስ ቆም ብላ ወደ ሰብሪያ ዞረች። ይቅርታ የምትጠይቅ መስሏቸው ሁሉም ጠበቁ።

«አያሃ የት ጋ ነው የቀበረው?» አለች። «ለእኔ ማዘጋጃ ቤት ቀበረው ነበር ያሉኝ።»

ሰብሪያ ራሷን ነቀነቀች። ናስር ለእሷም አልነገራትም ነበር። ከናስር በቀር ቦታውን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።