ስድስት ሴንቲሜትር

በሐምሌ የመጨረሻ ቀን የሶስና ይርዳው ክፍል ርዝመቱ አምስት ሜትር፣ ስፋቱ ሁለት ሜትር ከአርባ ሁለት ሴንቲሜትር ነበር። በማግስቱ ጠዋት፣ እንደ ማንኛውም የወር መባቻ፣ አልጋዋንና ጠረጴዛዋን ወደ መሃል ስባ ቆመች። ግድግዳው በዝግታ ተንቀሳቀሰና ቆመ። ለካችው። ሁለት ሜትር ከአርባ ሆኗል። በዚያ ወር ደመወዝ ተጨምሮላት ነበር።

ይህ በምሕዋር ከተማ ማንንም አይገርምም። ከተማዋ የተሠራችው ለሶፍትዌር መሐንዲሶች ነው፤ ሕንፃዎቿም በመጣኝ ይተዳደራሉ። መጣኝ የየነዋሪውን ደመወዝ በየወሩ እያነበበ ክፍሎችን በገንዘብ ልክ የሚያሰፋና የሚያጠብ ሥርዓት ነው፤ ሶስናም ከሚጠብቁት መሐንዲሶች አንዷ ናት። ጭማሪው ለእሷ ብቻ ቢሆን ክፍሏ ይሰፋ ነበር። ግን ለሁሉም ተጨመረ፣ ለአንዳንዱም ከእሷ በለጠ። ከምታገኘው አሥር ብር ሰባቱ ለክፍሉ ይሄዳል። በዚሁ ደመወዝ አሰላ ላይ ግቢ ያለው ቤት ተከራይቶ ግማሹን ማስቀመጥ ይቻላል። ነገር ግን አሰላ ተቀምጦ ለሚሠራ መሐንዲስ የሚከፈለው የአሰላ ደመወዝ ነው፤ የምሕዋሩ ሲሶ።

አሰላ፣ እናቷ ዘንድ፣ የስድስት ዓመት ልጇ ሐሴት አለች። በከተማዋ ደንብ ስፋቱ ከሦስት ሜትር በታች በሆነ ክፍል ልጅ አይመዘገብም፤ ያልተመዘገበ ልጅም ትምህርት ቤት አይገባም። ሶስና ከልጇ ተለይታ መኖር ከጀመረች ሦስት ዓመት አልፏል። ሐሴት በስልክ አያቷን «እማ»፣ እናቷን ደግሞ «ሶስና» ማለት ከጀመረች ቆይታለች።

በነሐሴ አጋማሽ አለቃዋ አቶ ገዛኸኝ አስጠራት። በሃያ ሁለተኛው ፎቅ የአየር መሣሪያው ለአንድ ክፍል ከልኩ በላይ አየር ይነፋል፤ ክፍሉ ደግሞ በየወሩ ይለዋወጣል። አቶ ገዛኸኝ አንድ ሰው ያልከፈለበትን ስፋት እየወሰደ ነው ብሎ ያምናል። እንዴት እንደሆነ ካገኘች የአንድ እርከን እድገት እንደሚሰጣት ነገራት። ሶስና እዚያው ቆማ አሰላች። አንድ እርከን ክፍሏን ሦስት ሜትር ከሁለት ሴንቲሜትር ያደርሰዋል። ሐሴት ለመስከረም ትደርሳለች።

ሥራውን የጀመረችው ከመጣኝ ፍተሻ ነው። መጣኝ አንድ ክፍል ሰፋ ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ ጠበበ ወይ ብሎ ብቻ ነው የሚጠይቀው። የፎቁ ርዝመት ስለማይለወጥ አንዱ ሊሰፋ የሚችለው ሌላው ሲጠብ ብቻ ነው። ብረት በብርድና በሙቀት ስለሚንቀሳቀስ እስከ ስድስት ሴንቲሜትር መጥበብ ይፈቀዳል፤ ከዚያ ካለፈ ማስጠንቀቂያ ይጮኻል። ከዚያ በታች ላለው ደግሞ ሌላ ጠባቂ አለ፤ እሱም ነዋሪው ራሱ ነው። ሥርዓቱን የጻፉት ሰዎች፣ ለአንዲት ሴንቲሜትር ይህን ያህል የሚከፍል ሰው ሲጠብበት ዝም አይልም ብለው ነበር። አልተሳሳቱም። ከሌሎቹ ፎቆች በየወሩ አቤቱታ ይመጣል። ከሃያ ሁለተኛው ፎቅ ግን በአራት ዓመት ውስጥ አንድም አልመጣም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ርቀት በብርሃን የሚለካ መለኪያዋን ይዛ ወደዚያ ፎቅ ወረደች። የወሩ ሰፊ ክፍል ዘጠነኛው ነበር። በሩ ክፍት ነው፤ ከደጁ ብዙ ጫማ ተደርድሯል። ገብታ መለኪያውን ወደ ግድግዳው አነጣጠረች። ቀይዋ ነጥብ በሰዎች ራስ ላይ አልፋ ከወዲያኛው ግድግዳ አረፈች። ሦስት ሜትር ከሰባ ስምንት። ከዚያ በኋላ ነው ሰዎቹን በደንብ ያየቻቸው። ሠላሳ የሚያህሉ ሰዎች ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ መሃላቸው ጥቁር የለበሰች ሴት አለች።

«እህቴ፣» አሉ ከበሩ አጠገብ የተቀመጡ ሽበታም ሰውዬ፣ «መጀመሪያ ሐዘንተኛዋን እግዜር ያጥናሽ በያት። ግድግዳው የትም አይሄድም።»

«እዚህ ሕንፃ ውስጥ እንኳ ይሄዳል፣» አለች ከጥግ አንዲት ሴት። ሐዘንተኛዋ ሳትቀር ፈገግ አለች።

ሶስና መለኪያውን ኪሷ ከታ ጎንበስ ብላ አጽናናቻትና ከፍራሹ ጫፍ ተቀመጠች። ሐዘንተኛዋ ወንድሟ እንደሞተባት ከጎኗ የነበሩት በሹክሹክታ ነገሯት። ጥቂት ቆይተው ሽበታሙ ሰውዬ ወደ ኮሪደሩ ይዘዋት ወጡ። በዳዳ እንደሚባሉና የፎቁ እቁብ ዳኛ እንደሆኑ ሳይደብቁ ነገሯት።

ከአራት ዓመት በፊት በዚህ ፎቅ አንድ ጎረቤት አባቱ ሞተውበት ነበር። ለቀስተኛው ሦስት ሦስት እየሆነ ገባ፤ የቀረው እስከ አሳንሰሩ ድረስ ቆሞ ተራ ጠበቀ። እነዚህ በሕንፃው ከፍተኛ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሰዎች ናቸው፤ ለቀስተኛ የሚያስቀምጡበት ግን አልነበራቸውም። በሚቀጥለው ወር እቁብ ጀመሩ። ግድግዳው ከቆመ በኋላ እጣ ያልደረሳቸው ሃያ ሦስቱ ቤቶች፣ መብራት ለጠፋበት ጊዜ በተሠራው የእጅ መዘውር፣ ከየክፍላቸው ስድስት ስድስት ሴንቲሜትር ይጥላሉ። ስፋቱ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተላለፈ እጣ ለወጣለት ይደርሳል። ሞት ወይም ልጅ ሲመጣ እጣ ይቀራል፤ የቸገረው ይቀድማል።

ሶስና አዳምጣ ስትጨርስ የራሷን ነገረቻቸው። ስለ እድገቱም ስለ ሐሴትም። ጋሽ በዳዳ አልለመኗትም።

«ልጅ ሲመዘገብ ክፍሉ የሚለካው ስንቴ ነው?»

«አንዴ። በምዝገባው ቀን።»

«እድገቱስ ለስንት ወር ሦስት ሜትር ያቆይልሻል?»

ይህ ሙያዋ ነው፤ ማሰብ አላስፈለጋትም። ጥቅምት ላይ የሁሉም ደመወዝ ይስተካከላል። «ለሁለት፣» አለች።

«እንግዲያው ይበቃሻል። ልጅሽን ያስገባልሻል፣ አልዋሽሽም። እኔ የምነግርሽ በዚህ ፎቅ ዘጠኝ ልጆች መመዝገባቸውን ነው። አሥረኛው ነቀምቴ ነው ያለው። የመስከረሙ ተራ ለአባቱና ለእናቱ ተሰጥቷል።»

ሶስና ሁለት ቀን ምንም አልጻፈችም። በሦስተኛው ቀን ያቀረበችው ሪፖርት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ በሃያ ሁለተኛው ፎቅ ከተፈቀደው ልክ በላይ የጠበበ ክፍል የለም። አቶ ገዛኸኝ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«አየሩስ ወዴት ይሄዳል?»

«ይተነፈሳል።»

ጉዳዩን ለሌላ መሐንዲስ ሊሰጥ አስቦ ነበር፤ የፍተሻው ወጪ ከአየሩ ዋጋ ስለበለጠ ተወው። እድገቱ ግን ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሶስና ወደ አሰላ ደውላ ለመስከረም እንደማይሆን ተናገረች። እናቷ አልተቆጡም። ለሐሴት ደብተርና ቦርሳ እንደገዙላት፣ እዚያው አሰላ ትምህርት ቤት ይዛው እንደምትገባ ብቻ ነገሯት። ሐሴት ስልኩን ተቀብላ፣ «ሶስና፣ ክፍልሽ አሁንም አላደገም?» አለች። አላደገም ብላ መለሰችላት።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ሶስና በምትኖርበት ሠላሳ አንደኛው ፎቅ ላይ የቅርብ ጎረቤቷን በር አንኳኳች። ሦስት ዓመት አጠገቡ ስትኖር ስሙን አታውቅም። ሰውየው በሩን ገርበብ አድርጎ የመጣኝ ሠራተኛ መታወቂያዋን አየና ሰላምታም ሳይሰጣት፣ «ግድግዳውን እኔ አልነካሁም፣» አለ።

«አውቃለሁ። እንድትነካው ልለምንህ ነው የመጣሁት።»

ሃያ ሦስት በር አንኳኳች። አንዳንዱ ሳቀ። ደመወዟ ከሶስና በእጥፍ የሚበልጥ አንዲት ወጣት ለስድስት ሴንቲሜትር የምትከፍለውን በቃሏ አስልታ ነገረቻትና በሩን ዘጋች፤ በማግስቱ ራሷ መጥታ ስሜን መዝግቢኝ አለች። አሥራ አራት ሰዎች ገቡ። እምቢ ያሉት ዘጠኙ ክፍላቸው ሳይጠብ ግድግዳው እንዲያልፍ ብቻ ፈቀዱ። የመጀመሪያው እጣ እናቱን ለሕክምና ላመጣ ሰው ወጣ፤ ሁለተኛው ለሠርግ፤ ሦስተኛው በስፋቱ ምንም ላላደረገና ወሩን ሙሉ ወለሉ ላይ እጁን ዘርግቶ ለተኛ ሰው።

አራተኛው ለሶስና ደረሰ። ጥር ላይ መጣኝ ክፍሏን ሁለት ሜትር ከሠላሳ ስድስት አድርጎት ነበር፤ ጎረቤቶቿ መዘውራቸውን አዙረው ሲጨርሱ ሦስት ሜትር ከሃያ ሆነ። የከተማው ለኪ መጥቶ ለካ፣ አላመነምና ደግሞ ለካ። ሐሴት ተመዘገበች፤ በከተማዋ ትምህርት የጀመረችው ከእኩዮቿ አራት ወር ዘግይታ ነው።

በየካቲት ክፍሉ ወደ ሁለት ሜትር ከሠላሳ ስድስት ተመለሰ። የሶስና አልጋ ስፋቱ ዘጠና ሴንቲሜትር፣ የሐሴት ሰባ ነው። ለየካቲቱ ባለ እጣ የተጣለው ስድስት ሴንቲሜትር ሲቀነስ፣ በሁለቱ አልጋዎች መካከል የቀረው ወለል ሰባ ሴንቲሜትር ነው።