አምስተኛው ማመልከቻ

የሽያጭ ታክስ ፈቃድ ክፍል ኃላፊ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በመዝገብ ቤቱ ደረጃ ሥር ሞቶ ተገኘ። በቀኝ እጁ የአንዲት ሳሙና ሠሪን ማመልከቻ ጨብጧል። ማመልከቻው ላይ «ውድቅ ተደርጓል» የሚል ጽሑፍ፣ ማኅተምና ፊርማ አለበት። አጠገቡ ቆማ የተገኘችውም ራሷ ሳሙና ሠሪዋ ነበረች።

«ይቺው ናት!» አለ ምክትሉ ለኢንስፔክተሩ። «አራት ጊዜ ተከልክላለች። ባለፈው ሳምንት ‹ከዚህ ወንበር ሳላስነሳው አልቀርም› ብላ ስትጮኽ ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

«ብያለሁ» አለች ሳሙና ሠሪዋ። «ወንበሩን እንጂ ነፍሱን አልፈለግሁም።»

እዚህ ሰው ፊት አላለቅስም ብላለች። ሳሙናው ደርቆ ተደርድሯል፤ የሱቋ አከራይ ደግሞ ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት ፈቃዱን ካላመጣች ሱቁን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ቁርጡን ነግሯታል።

«ዛሬ ለምን መጡ?» አላት ኢንስፔክተሩ።

«ትናንት ራሱ ደወለልኝ። ‹ነገ ሦስት ሰዓት ይምጡ፣ በእጄ የምሰጥዎት ነገር አለ› አለኝ። ስመጣ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

«ያው በእጁ ይዞታላ!» አለ ምክትሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ አፌን አታስከፍተኝ!»

ኢንስፔክተሩ ወደ መዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ዞረ። እሷና ዘበኛው በሩ ላይ ቆመው ሲያወሩ ነበር የመውደቁን ድምፅ የሰሙት። ዓይኗ በልቅሶ ቀልቷል።

«ኃላፊው አሠራሩ እንዴት ነበር?»

«ግትር ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። መጀመሪያ ይፈርማል፣ ከዚያ ፊርማው ላይ ማኅተም ያሳርፋል። በሃያ ዓመት አንድ ቀን አገላብጦ አያውቅም።»

«አንተስ የት ነበርክ?»

«ከጠረጴዛዬ አልተነሳሁም» አለ ምክትሉ።

ኢንስፔክተሩ ማመልከቻውን መስኮቱ ዘንድ ወስዶ በአጉሊ መነጽር ብዙ ቆየበት። «እመቤት፣ የቀድሞዎቹ እምቢታዎች አሉዎት?»

«አራቱም ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው። ንዴቴ እንዳይበርድ ይዣቸው እዞራለሁ።»

እነሱንም መረመረ። የምክትሉን ጠረጴዛ አየ፣ ከሟቹ ኪስ ቁልፍ አወጣ፣ ስልክ ደወለ። ከዚያ ሁሉንም ተራ መጠበቂያው ወንበሮች ላይ ሰበሰባቸው።

«አምስቱም እምቢታዎች ላይ የፊርማው ቀለም ከማኅተሙ በላይ ነው» አለ። «መጀመሪያ ማኅተም፣ ከዚያ ፊርማ። ኃላፊው እንዲህ አይሠራም። እንዲህ የሚሠራ ሰው ግን አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ማኅተም የተመታባቸው ባዶ ወረቀቶች ተቆልለዋል። ጠዋት ጠዋት ማኅተሙን አንድ ላይ ይጨርስና ቀኑን ሙሉ ይፈርምበታል።»

ምክትሉን ላብ አጠመቀው።

«ስልክ የደወልኩት፣ ቁጥሩን ከእሷ ተቀብዬ፣ ለአከራይዋ ነው። ሱቁ እንዲሰጠው የሚጠብቀው ሌላ ሰው የሚስትህ ወንድም መሆኑን ነገረኝ። በኃላፊው ስም ስትከለክላት ከረምክ። ኃላፊው ደረሰበት፤ ፈቃዷን ትናንት ራሱ አዘጋጅቶ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት። ይኸውና፤ ማኅተሙ ከፊርማው በላይ ነው። ዛሬ ደረጃው ላይ ሲያፋጥጥህ ገፈተርከው፤ እሷ እንድትያዝ አምስተኛውን እምቢታ እጁ ውስጥ ወተፍክ።»

«ደረጃው ላይ እጄን ለቀም አድርጎ ያዘኝ...» አለ ምክትሉ። ኢንስፔክተሩ ያመጣው ፖሊስ በካቴና አሰረው።

ሳሙና ሠሪዋ ፈቃዷን ለመቀበል እጇን ዘረጋች። መዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ግን ፈራ ተባ አለች። «ርክክቡ ላይ ምክትሉ ካልፈረመ አይወጣም።»

ሳሙና ሠሪዋ የርክክብ መዝገቡን አንስታ የታሰረው ሰውዬ ጉልበት ላይ ዘረጋችው። «ፈርም!»

ምክትሉ ወደ ኢንስፔክተሩ ቀና አለ። ኢንስፔክተሩ የራሱን እስክሪብቶ አቀበለው።

ምክትሉ በልማዱ እጁን አጠገቡ ጠረጴዛ ላይ ወዳለው ማኅተም ሲሰድ ቀድማ ነጠቀችው። «መጀመሪያ ፊርማው!»

ፈረመ። መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ማኅተሙን ራሷ ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ መታችበት።

ስትወጣ ነጭ ጨርቅ የለበሰው አስከሬን ዘንድ ቆመች። ስድስት ወር ሙሉ ጠዋት ማታ የረገመችው ሰው ነው። እስካሁን ያመቀችው እንባ ያኔ መጣ።

«ይቅር በለኝ» አለችው። ከዚያ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ወደ ሱቋ ሮጠች።